ሻምበሉ በንጋት የመጡበት ክረምት

ካዛንቺስ ከፈረሰ በኋላ ወደዚያ መሄድን ስሸሽ ነበር የከረምኩት። ባለፈው ሳምንት ግን ከባምቢስ ወደ ኡራኤል የምሄድበት ታክሲ መንገድ ተዘጋበትና ሁላችንንም አወረደን። በእግሬ ሳዘግም ራሴን የድሮ ሰፈሬ መሃል አገኘሁት፤ መሃሉ ይሁን ዳሩ እንኳን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። መሬቱ ተደልድሏል። አዲስ የእግረኛ መንገድ፣ አዲስ የመንገድ መብራት፣ ገና ሥር ያልያዘ ሣር። ቤታችን እዚህ ጋ ነበር ለማለት የቀረልኝ ምልክት የኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብቻ ነው። በልጅነቴ ከበራችን ቆሜ በየትኛው ትከሻዬ በኩል እንደማየው ለማስታወስ ወዲያና ወዲህ ስል፣ ብሩሹን በጣሳ ውስጥ የሚያጥብ አንድ ቀለም ቀቢ ወጣት አጠገብ ደረስኩ።

ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ እግሬ ቆመ። ላምባ ነበር። ልጁ ቀና ብሎ «እናት፣ ቀለም እንዳይነካሽ» አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን እናት መባሌ ያበሽቀኝ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ከጣሳው ላይ ዓይኔን አላነሣሁም። ዓይኔ እንባ ሲያቀር ልጁ ሽታው ያቃጠለኝ መስሎት ጣሳውን ወዲያ ገፋልኝ።

አባቴ ላምባ ላምባ ነበር የሚሸተው። በጣም ትንሽ ሳለሁ ላምባ ሻጭ ይመስለኝ ነበር። ከሥራ ሲመጣ እማዬ ቱታውን ቤት ውስጥ አታስገባም፤ ውጭ ገመድ ላይ ትሰቅለዋለች። እኔ ደግሞ ሄጄ ፊቴን እጅጌው ውስጥ እቀብራለሁ። የወታደር በረራ ክፍል ቴክኒሻን መሆኑን፣ የሄሊኮፕተር ዕቃ ሲያጥብ እንደሚውል ያወቅሁት ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ከክፍሉ ጋር ወደ ሰሜን ሄደ። ጦርነቱ አለቀ። ከሄዱት የተረፉት ተመለሱ፤ ያልተመለሱትም መርዷቸው መጣ። አባዬ ግን እሱም አልመጣም፣ መርዶውም አልመጣም። የተሳፈረበት ሄሊኮፕተር ከሚሄድበት ሳይደርስ ቀረ የሚል ወሬ ብቻ ነበር ቤታችን የገባው።

አባባ የምላቸው የአባቴን አባት ነው። አቶ ዘውዴ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ ከሲታ፣ ቀጥ ያሉ፣ ቤት ውስጥም ቢሆን ኮታቸውን የማያወልቁ። በአንዲት ባለ ቆርቆሮ በር ግቢ ውስጥ እኔ፣ እማዬና እሳቸው ነበርን የምንኖረው። አባዬ ከጠፋ ጀምሮ በዚያ ግቢ ጥቁር ልብስ ተከለከለ። አንድ ቀን እማዬ የጎረቤት ለቅሶ ደርሳ ስትመጣ ጥቁር ቀሚሷን ሳታወልቅ እራት አቀረበች። አባባ የያዙትን አስቀምጠው «ወይንሸት፣ ልጄ አልሞተም» አሏት። እማዬ ተነሥታ ቀይራ መጣች። መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስለነበረች በየማለዳው ቢጫ ወይ ሰማያዊ ለብሳ ስትወጣ፣ ኡራኤል በር ላይ የሚቆሙ ሴቶች ከንፈራቸውን ይመጡላት ነበር። ለእሷ ማዘናቸው ይሁን እሷን መታዘባቸው ያኔ አልለየውም። አሁን ሳስበው ሁለቱም ነበር።

በራችንም አይቀረቀርም ነበር። አባባ ማታ ማታ በሩን ይገጥሙና ከውስጥ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ያስጠጉበታል። ከውጭ የመጣ ሰው ገፋ ሲያደርገው ድንጋይዋ ሲሚንቶው ላይ ትፋቃለች፤ አባባም አልጋቸው ላይ ሆነው ይሰሟታል። ልጃቸው በየትኛውም ሰዓት ቢመጣ ደጅ እንዳይቆም ነው። አንዴ ሌባ ገብቶ የልብስ ማጠቢያ ሳፋችንን ይዞብን ሄደ። እማዬ «አባባ፣ ምናለ በሩ ቢቀረቀር?» ብትላቸው፣ «ሳፋ ይገዛል» አሉ።

የእድሩ ነገር ደግሞ ነበር። በሰፈራችን እድር ሰው ሲሞት ጠንካራ ጠንካራዎቹ አባላት በተራ እየወጡ ነበር ድንኳን የሚተክሉት። አባባ በዕድሜያቸው ከተራው ወጥተዋል፤ አባዬ ግን አልወጣም። ስለዚህ የአባዬ ተራ በደረሰ ቁጥር አባባ ይወጣሉ፤ እኔም የካስማውን ከረጢት ተሸክሜ እከተላቸዋለሁ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ታምሩ የተጠቀለለው ሸራ አጠገብ ቆመው ተረኞቹን በቃላቸው ይጠራሉ። «ግርማ ዘውዴ!» ሲሉ አባባ «አለ!» ይላሉ። ማንም አይስቅም፣ ማንም አያርምም። በዚያ ክረምት ሞት በዝቶ ይሁን ወይ ዝናቡ ትዝታዬን አብዝቶት እንጃ፣ ጭቃ ላይ ተንበርክኬ ካስማ ስይዝና አባባ በመዶሻ ሲመቱት ብቻ ነው የሚታየኝ። አንድም ቀን እጄን አልመቱኝም። አባዬን በሕይወት የሚያቆየው ያ «አለ!» የሚሉት ቃል ይመስለኝ ነበር። ጉንፋን ሲይዛቸውና ድምፃቸው ሲጎረንን እኔ ነበርኩ የምጨነቀው።

የበረራ ክበቡ ትምህርት ቤታችን ውስጥ የተከፈተው በዚሁ ክረምት ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ የወታደር በረራ ክፍል፣ ልጆችን ለጥቂት ሳምንታት አስተምሮ በመጨረሻ እያንዳንዳችንን በትንሽ አውሮፕላን ወደ ሰማይ ያወጣናል ተባለ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። የክፍል ጓደኛዬ ቤቲ እጄን ጎትታ ነው ያስመዘገበችኝ።

«አቦ ምሕረት፣ ፋራ አትሁኚ! ማለቴ፣ አውሮፕላን ነው እኮ። በቃ ግቢ!»

«እጩ» ነበር የምንባለው። የሚያስተምሩን ሻምበል ዮናስ ረጅም፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ነበሩ። ጭቃው እንዲያ ሆኖ ጫማቸው ምን ጊዜም እንዳንጸባረቀ ነው፤ እንዴት እንደሚያደርጉት ቤቲና እኔ ክረምቱን ሙሉ ተከራክረንበት አልደረስንበትም። ባዶ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ነፋስ ክንፍን እንዴት እንደሚያነሣ በጠመኔ ይሥሉልናል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ ጠመኔያቸውን ይዘው ዝም ብለው ይጠብቁታል። አንድ ቀን ለምን መብረር እንደምንፈልግ አንድ በአንድ ጠየቁን።

«እጩ ምሕረት፣ አንቺስ?»

«ደመና ከላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል ለማወቅ» አልኩ።

ውሸት ነበር። እኔ ሰሜንን ማየት ነበር የምፈልገው። የክፍላችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካርታ ከአዲስ አበባ እስከ ሰሜን ድንበር አንድ ስንዝር አይሞላም። ለክቼዋለሁ። ስንዝር የማይሞላ ነገር ከላይ ሆኖ እንዴት አይታይም? አባዬን ራሱን አያለሁ ብዬ አልነበረም፤ ያን ያህልም ሕፃን አልነበርኩም። የቀረበትን አገር ግን አየዋለሁ ብዬ አምኜ ነበር።

ለእማዬ ስነግራት ልብስ እያጠፈች ነበር። ያጠፈችውን መልሳ ዘረጋችና እንደገና አጠፈችው። «አባትሽ አንድ ቀን ይዣት እወጣለሁ ይል ነበር» አለች። እሺታዋ ይኸው ነበር።

የሻምበሉ ክፍል ግን የራሱ ልማድ አለው። «ወረቀት አልቀበልም» አሉን። «ቤታችሁ እመጣለሁ። የቤታችሁ ትልቅ ሰው ዓይን ዓይኔን እያየ እሺ ካላለኝ በስተቀር አንድም እጩ መሬት አይለቅም።» የእኛ ቤት ትልቅ ሰው አባባ ናቸው። እማዬ ፊቷ ጥቁርቁር አለ። ሻምበሉን በመጪው ቅዳሜ ይምጡልን ብላ በእኔ አስላከችና፣ «አባባን እኔ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ፤ አንቺ አፍሽን ያዢ» አለችኝ። በየእራቱ ልትጀምር ትልና ወጡን ታወጣለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ስለ መሥሪያ ቤቷ አለቃ ታወራለች። እኔ ጠረጴዛው ሥር እግሬን እያወዛወዝኩ እጠብቃለሁ። ሳምንቱ እንዲህ ሲያልፍ ቆየ።

ሻምበሉ ግን ቅዳሜን አልጠበቁም። ሰማዩ የሚከፈተው ያን ቅዳሜ ነው ስለተባለ በረራው ወደዚያ ተሳበ፤ የቀሩትን ቤቶች ከዚያ በፊት ማዳረስ ነበረባቸው። ሐሙስ ገና ሳይነጋ፣ ወደ ሥራቸው ከመሄዳቸው በፊት፣ የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ ካዛንቺስ ደረሱ። ቤታችንን አያውቁትም። ከጸሎት የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ አገኙና መዝገባቸው ላይ በነበረው በአባቴ ስም «የግርማ ዘውዴ ቤት የት ነው?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌው ጋሽ ታምሩ፣ የእድራችን ዳኛ ናቸው።

ጋሽ ታምሩን አስቡልኝ። በጨለማ የደንብ ልብስ የለበሰ መኮንን፣ ደረቱ ላይ የክንፍ ምልክት ያለበት፣ አራት ዓመት የጠፋ ሰው ቤት ይጠይቃል። ምን ብለው ይጠይቁት? መርዶ ደግሞ ብቻውን ይዞት የሚገባ ሰው የለም። «ቆይ ልጄ፣ ብቻህን አትግባ» ብለው ሁለት ሽማግሎች ከየቤታቸው ቀሰቀሱ። ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ሻምበሉን መሃል አስገብተው ወደ ቤታችን አመሩ። ሻምበል ዮናስ በኋላ እንደነገሩን፣ የሰፈሩ ሰው እንግዳ አክባሪ ነው ብለው እየተደነቁ ነበር የሚከተሉት።

እኔ ቧንቧው ሥር ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። ድንጋይዋ ሲሚንቶውን ፋቀችው።

ያቺን ድምፅ በዚያ ሰዓት ሰምተናት አናውቅም። አባባ ከቤት ሲወጡ ኮታቸውን አልለበሱም ነበር፤ ያለ ኮት ሳያቸው ያ የመጀመሪያዬ ነው። ፊታቸው ላይ የነበረውን ነገር አሁንም ምነው በረሳሁት እያልኩ የማልረሳው ነው። ደስታ ነበር። ልጃቸው የገባ መስሏቸዋል። ከዚያ በሩ እስከ መጨረሻው ተከፈተና ሦስቱን ሽማግሎች፣ መሃላቸው የቆሙትን ወታደር አዩ።

ሻምበሉ ኮፍያቸውን አውልቀው ብብታቸው ሥር አደረጉ። ለሰላምታ ነበር።

አባባ በጉልበታቸው ወደቁ። «ልጄን!» አሉ። «ልጄን! ግርማዬን!» እንዲያ ያለ ድምፅ ከዚያ ከሲታ ደረት ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጎረቤቶች ከእግር ብረት የተለቀቁ ይመስል ከየአቅጣጫው ገቡ። ሻምበሉ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «አይደለም… እኔ የመጣሁት…» ማለት ሲጀምሩ እማዬ በሌሊት ልብሷ ወጥታ እጅጌያቸውን ያዘች። እሷ ታውቃለች። ለምን እንደመጡ ከእኔ ሌላ በዚያ ግቢ ውስጥ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት።

«ይተዉአቸው» አለች። «እባክዎን፣ ዝም ይበሉ። ያልቅሱ።»

ከዚያ እሷም አለቀሰች። ቆማ፣ የሻምበሉን እጅጌ እንደያዘች፣ አራት ዓመት በቢጫና በሰማያዊ ልብስ ስር የደበቀችውን ለቅሶ አወጣችው። እኔ ከቧንቧው ሥር አልተነሣሁም። ውሃው እግሬ ላይ ሲፈስ አስታውሳለሁ። አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር ጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞረው፦ እስከ ትናንት ማታ አባዬ በሕይወት ነበር፤ እኔ መብረር ስለፈለግሁ ሞተ።

ትንሽ ቆይቶ ሻምበሉ ጋሽ ታምሩን ወደ አጥሩ ጥግ ወስደው በጆሯቸው ነገሯቸው። ጋሽ ታምሩ ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። «ምን ጉድ ነው የሠራሁት! እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ምን ጉድ ነው!» እማዬ ሰምታለች። ዓይኗን ጠርጋ ሄደችና ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«አልተሳሳቱም፣ ጋሽ ታምሩ። ድንኳኑን ያስመጡልን።»

ድንኳኑ መጣ። የሐዘኑ ባለቤት ድንኳን አይተክልም፤ ይቀመጣል፣ ይለቀስለታል። አባባም ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ጋሽ ታምሩ ሸራው አጠገብ ቆመው ተረኞቹን መጥራት ጀመሩ፤ ልባቸው ሌላ ቦታ ስለነበር አፋቸው የለመደውን ነው የተናገረው። አንድ ስም ጠሩ፣ ሁለተኛ ጠሩ፤ ቀጥሎ «ግርማ ዘውዴ!» አሉ።

ስሙ ከአፋቸው እንደወጣ ደነገጡ። ካሁን አሁን «አለ!» የሚል ድምፅ እሰማለሁ ብዬ ጠበቅሁ። ከልቤ ነበር የጠበቅሁት። አባባ «አለ» ካሉ፣ አባዬ አለ ማለት ነው።

አባባ ግድግዳውን ይዘው ተነሡ።

«የለም» አሉ። «እኔ እተካዋለሁ።»

ሄደው ገመዱን ያዙ። ሊከለክሏቸው የሞከሩ ነበሩ፤ ጋሽ ታምሩ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው ዝም አሰኟቸው። አባባ ዞር ዞር ብለው ሲያዩ እኔን እየፈለጉ መሆኑ ገባኝና የካስማውን ከረጢት ይዤ ሄድኩ። ተንበረከክሁ። አባባ እያለቀሱ መዶሻውን ያነሣሉ፣ ያወርዳሉ። ያን ቀንም እጄን አልመቱኝም።

ንፍሮ ተቀቀለ፣ አግዳሚዎች ተደረደሩ፣ የአባዬ ፎቶግራፍና ያ አሮጌ ቱታው ወጡ። ቱታውን ሳሸተው ሳሙና ብቻ ነበር የሚሸተው። ሰው ሁሉ እኔን እያየ ያለቅሳል፤ እኔ ግን አላለቅስም። «ደንግጣ ነው» ይላሉ። «ልጅ ምን ታውቃለች» ይላሉ። እኔ ሌላ ነገር ነበር የማውቀው፤ ሆዴ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተቀምጧል።

ዓርብ ከሰዓት ድንኳኑ ሳሳ ሲል አባባ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ሻምበሉ የመጡት ስለ አባዬ አልነበረም። ስለ እኔ ነው። አውሮፕላን ላይ ልወጣ ስለነበር ሊያስፈቅዱዎት ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም። መርዶ ሊናገር የመጣ ሰው እንደዚያ አይደነግጥም። ገና ከመሬት ሳልነሣ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን አላቆሙም?»

ወደ በሩ አዩ። «ደክሞኝ ነበር፣ ምሕረቴ» አሉ። «ሌሊት ሌሊት ያቺን ድንጋይ መስማት ደክሞኝ ነበር።»

ያኔ ከሆዴ ወጣ። «አባዬን የገደልኩት እኔ ነኝ?»

አባባ ዞረው አዩኝ። ዓይናቸው አብጦ ነበር። ራሴን ወደ ደረታቸው ሳቡትና «አንቺ ማንንም አልገደልሽም» አሉኝ። «ሻምበሉ መርዶ አልነገረኝም። ለራሴ የነገርኩት እኔው ነኝ። ድሮ ነው የነገርኩት፤ ያለቀስኩት ግን ትናንት ነው።»

አመሻሹ ላይ ሻምበል ዮናስ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። የደንብ ልብሳቸውን ትተው ጥቁር ሹራብ ለብሰዋል። ከበር አጠገብ ባለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ አንገታቸውን ደፍተው። ሊሄዱ ሲነሡ አባባ ፊት ቀርበው ጎንበስ አሉ።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። የልጅቷን ነገር ለሌላ ጊዜ እናደርገዋለን።»

«አንተ ልትጠይቀኝ የመጣኸው ነገር ነበር» አሉ አባባ። «አልጠየቅኸኝም።»

«አሁን ጊዜው አይደለም፣ አባቴ።»

«ጠይቀኝ።»

ሻምበሉ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ምሕረትን ነገ አውሮፕላን ላይ ላወጣት እፈልጋለሁ። ይፈቅዳሉ?»

አንዲት ሴት ከኋላ «በሠልስቱ? በአባቷ ሠልስት?» ብላ አማተበች። እማዬ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታያለች። አባባ የሻምበሉን ዓይን ሲያዩ ቆዩ። ልጃቸው ወደ ሰማይ ወጥቶ ያልተመለሰባቸው ሰው ናቸው። የቀራቸው የእሱ ዘር እኔ ብቻ ነበርኩ። እምቢ ቢሉ በዚያ ድንኳን ውስጥ አንድም ሰው አይፈርድባቸውም፤ እኔም አልፈርድባቸውም ነበር።

«ትመልሳታለህ?» አሉ።

«አውሮፕላኗን የማበርራት ራሴ ነኝ። አብሬያት እዚህ በር ድረስ እመጣለሁ።»

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሠልስቱን እኛ እናወጣዋለን። እሷ ትሂድ።»

ቅዳሜ ጠዋት አውቶብስ ውስጥ ቤቲ አጠገቤ ተቀምጣ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ለቤቲ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማስቲካዋን ለሁለት ቆርሳ ግማሹን እጄ ውስጥ አደረገችልኝ። በረራ ጣቢያው ስንደርስ ሣሩ ርጥብ ነበር፤ ሰማዩ ግን እንደተባለው ተከፍቷል። ከዕቃ ቤት ቱታ አወጡልን። የእኔን እጅጌውን ሦስት ጊዜ አጠፍኩት፤ ጥቁር ነጠላዬን አጣጥፌ ከውስጥ ከተትኩት። ቱታው ላምባ ላምባ ይሸታል። ዕቃ ቤቱ፣ መሬቱ፣ መካኒኮቹ፣ ሁሉም። ምንም ሳላስብ አፍንጫዬን እጅጌዬ ውስጥ ቀበርኩ።

አውሮፕላኗ ክንፏ ባይኖር የኡራኤል ታክሲ ናት ማለት ይቻል ነበር፤ ውስጧ እንዲያውም ይጠባል። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ፌስታል ተሰጠን፤ ለምን እንደሆነ ቤቲ ከእኔ በፊት ወጥታ ስትመለስ ገባኝ። ሻምበል ዮናስ ቀበቶዬን አጥብቀው አሰሩና ትልቅ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፉብኝ፤ አፌ አጠገብ አንዲት ትንሽ ማይክ አለችው። ሞተሩ ሲነሣ ጥርሴ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ሰማይ ጸጥ ያለ ቦታ ይመስለኝ ነበር። ያን ያህል ጫጫታ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

መሬቱ ለቀቀን። የጤፉ ማሳ፣ በአቅራቢያው ያለው ሐይቅ፣ ብልጭ የሚለው ቆርቆሮ ሁሉ ወደ ታች ወረደ። ፈርቼ ነበር፤ ደግሞም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስ ስላለኝም አፍሬ ነበር።

«ሰሜን በየት በኩል ነው?» አልኩ።

ሻምበሉ አየት አደረጉኝ። ክንፏን ቀስ ብለው አዘነበሉና በጣታቸው አመለከቱኝ። አየሁ። ደመና ነበር። ከምድር እስከ ሰማይ የቆመ፣ ግራጫ፣ መጨረሻ የሌለው ደመና። ከዚያ ወዲህ ተራራ፣ ከተራራው ወዲህ ተራራ። ስንዝር አልነበረም። ሰሜን ስንዝር አልነበረም፤ አባዬን ከዚያ ሁሉ አገር ውስጥ ማንም ፈልጎ አያገኘውም። ያ የገባኝ እዚያ ላይ ነው። የመጣልኝ ለቅሶ ሦስት ቀን ሙሉ እንቢ ብሎኝ የከረመው ነበር። ሞተሩ ስለሚጮህ ማንም አይሰማኝም ብዬ አፌን ሞልቼ «አባዬ! አባዬ!» እያልኩ አለቀስኩ።

ሻምበሉ ፊታቸውን ወደ እኔ አልመለሱም። አውሮፕላኗን ወደ ሰሜን እንዳዘነበሉ ዞሩ፤ ደግመው ዞሩ። ሌሎቹን እጩዎች አንድ ጊዜ ብቻ አዙረው እንዳወረዷቸው ቤቲ ኋላ ነገረችኝ። መሬት ወርደን ማዳመጫውን ሲያነሡልኝ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ማይኳ ለካ ክፍት ነበረች።

ቃላቸውን ጠብቀው በራችን ድረስ አብረውኝ መጡ። ድንኳኑ ተነቅሎ ሸራው ተጠቅልሏል፤ ግቢው ውስጥ የካስማ ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል። እማዬ ጥቁር ለብሳ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ስታየን ተነሥታ አቀፈችኝ። ሻምበሉ አባባን እጅ ነሥተው «መልሻታለሁ፣ አባቴ» አሉና ሄዱ።

አባባ ራሴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ቆሙ። ፀጉሬን አሸተቱ። ከዚያ አንገቴን፣ ከዚያ እጄን ይዘው መዳፌን አሸተቱ። ቱታውን መልሼ ነበር የመጣሁት፤ ሽታው ግን አብሮኝ መጥቷል።

«እንዲህ ነበር የሚሸተው» አሉ። «ሲገባ እንዲህ ነበር።»

እጄን ብዙ ጊዜ አልለቀቁም። ሲለቁኝ ወደ በሩ ሄዱ፤ ድንጋይዋን ጎንበስ ብለው አንሥተው አጥሩ ሥር አስቀመጧት። ከዚያ መቀርቀሪያውን ያዙና ገፉት። አልተነቃነቀም። አራት ዓመት ሳይነካ ዝጎ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል። በሁለት እጃቸው ሞከሩ። እማዬ ልታግዛቸው ብድግ አለችና ምን እንደያዛት እንጃ፣ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ምሕረት» አሉ፣ «ቤት ውስጥ ላምባ አለ?»

ከምድጃው አጠገብ ያለውን ጠርሙስ አመጣሁላቸው። መቀርቀሪያው ላይ ጠብ ጠብ አደረጉና ቆመው ጠበቁ። ዝገቱ ሲጠጣው፣ ቀይ ውሃ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እናየዋለን። ጥቂት ቆይተው እንደገና ሲገፉት መቀርቀሪያው ጮኸ፣ ሸርተት አለ፣ እስከ ጫፉ ገባ።

አባባ እጃቸውን በኮታቸው ጠረጉ።

«በይ» አሉኝ፣ «እንግባ።»